ግንባሬ ላይ ጠብ ያለው ዘይት፦ የአንዲት መርሰዲስ ኤስኤል ጣሪያ ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ማርች 8 ቀን 2025

ዛሬ የመኪናዬን ጠንካራ ጣሪያ አወረድን። የበረዶው ወቅት ያለቀ መሰለኝና ጎረቤቴን ጋሼን ጠራኋቸው። ጣሪያው አሉሚኒየም ነው፣ 33 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያን ያህል አይከብድም፣ ግን ሰፊ ስለሆነ ለአንድ ሰው እጅ አይመችም። እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆንን። "በል፣ ቀስ! ላሜራውን እንዳታስነካው" አሉኝ። ብድግ አድርገን ጋራዡ ግድግዳ ላይ አሮጌ ፍራሽ አስደግፈን አቆምነው።

ከዚያ አራት ወር ሙሉ ታጥፎ የተኛውን የጨርቅ ጣሪያ አወጣሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጎርጎር የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ጋር ተቆለፈ። ጋሼ አጨበጨቡ። እኔም ደስ ብሎኝ መሪው ኋላ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ጠብ አለ።

ዝናብ መሰለኝ። ፍራንክፈርት ነን፣ ማርች ነው፣ አይገርምም። ግን ያለነው ጋራዥ ውስጥ ነው። በጣቴ ጠርጌ አሸተትኩት። ዘይት! ቀና ስል ከኋላ ማሳያ መስታወቱ በላይ፣ ክፈፉን ከውስጥ በሚሸፍነው የፕላስቲክ ልባስ ጠርዝ ላይ፣ ሌላ ጠብታ ተንጠልጥሎ ተራውን ይጠብቃል።

"ቅባ ቅዱስ ነው፣ ተቀበል" አሉኝ ጋሼ።

እንግዲህ ማስታወሻው በዚህ ተጀመረ።

ቅዳሜ ማታ

መኪናዋን ላስተዋውቅ። መርሰዲስ ኤስኤል 320፣ መጀመሪያ የተመዘገበችው በጁን 1994 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ እዚህ አገር ወረቀቱ በእነሱ ስለሆነ ነው።) አር129 የሚባለው ትውልድ ነች። ይህ ትውልድ በማርች 1989 ጄኔቫ ላይ ታየ፣ ብሬመን ተመረተ፣ በ2001 አበቃ። በጠቅላላው 204,940 ተሠርቷል። ከሱ በፊት የነበረው አር107 ለ18 ዓመት ሳይቀየር ስለቆየ፣ አዲሱ ሲመጣ ሰው የጠበቀውን ያህል ጠብቋል። የዲዛይኑ አለቃ ብሩኖ ሳኮ ነበር። የሳኮን እጅ ከጎን ስታያት ታውቃታለህ፦ ምንም ትርፍ ነገር የለም፣ መስመሩ ከፊት ተነስቶ ኋላ ድረስ አንድ ትንፋሽ ነው።

ሰው "ለምን 500ውን አልገዛህም?" ይለኛል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር። እንዲያውም አንድ ኤስኤል 600 ድረስ ሄጃለሁ፣ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 6 ሊትር፣ 394 የፈረስ ጉልበት። ኮፈኑን ሲከፍትልኝ እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። የጣሊያኑ ስፖርት መኪና ሠሪ ፓጋኒ ዞንዳ ለሚባለው መኪናው የወሰደው የዚሁ የቪ12 ቤተሰብ ሞተር ነው፤ ቢኮራበት አይፈረድበትም። እኔ ግን ሻማ ለመቀየር እንኳ ስለት የሚያሳስል ሞተር አልፈልግም። ሻማውን ጋሼ "ካንዴላ" ነው የሚሉት። ወጣት ሳሉ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ እየፈለጉ፣ ጋራዥ እየዋሉ ነው ያደጉት፤ የዕቃውን ስም ሁሉ ከጣሊያንኛው ወርሰውታል። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ጓርኒሲዮን (በመሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ)።

የኔዋ መስመር ስድስት ነች፣ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩ፦ 3.2 ሊትር፣ 231 የፈረስ ጉልበት። ከታች ኤስኤል 280 አለች፣ 193 ጉልበት ያላት። መኪናዋ ደግሞ ቀላል አይደለችም፣ ስለዚህ 280ዋ ዳገት ላይ ትለግማለች የሚል ስጋት ነበረኝ። 320ዋ ለኔ ልክ ናት። የዚህ ሞተር የታወቁ ሕመሞች ሁለት ናቸው። አንዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከኋላ ጥግ ዘይት ማላብ ይጀምራል። ሁለተኛው በነዚያ ዓመታት የተሠሩት ላይ የሞተሩ ሽቦ ልባስ በሙቀት ደርቆ እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። የኔዋ ላይ ሽቦው ተቀይሯል፣ ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ አለ። ደረሰኙን ሳላይ አልገዛም ብዬ ነበር፣ አይቼ ገዛሁ።

ጣሪያውን ግን ማን ያስብ ነበር? ዛሬ ማታ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። 280 ይሁን 320፣ 500 ይሁን 600፣ ጣሪያው አንድ ነው። ስንት ሲሊንደር እንደገዛህ አይጠይቅም። ዘይቱ ለሁሉም እኩል ነው የሚያንጠባጥበው።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የምርመራ ቀን። ጣሪያውን አሥር ጊዜ ያህል ከፍቼ ዘጋሁት፣ ጋሼ በስልካቸው እየቀረጹ። ላላየው ሰው ልንገረው፣ ትንሽ ቲያትር ነው። ቁልፉን ተጭነህ ትይዛለህ፣ ከለቀቅከው ባለበት ይቆማል። መጀመሪያ የጎን መስታወቶቹ ዝቅ ይላሉ። ከፊት ያለው መቆለፊያ ይፈታል። የጨርቁ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሳል። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያለው ትልቁ ክዳን ይከፈታል። ጣሪያው ተጣጥፎ ውስጡ ይገባል። ክዳኑ ከላዩ ይዘጋል። ጤነኛ ሲሆን ይሄ ሁሉ 30 ሴኮንድ ገደማ ነው። የኔዋ 50 ፈጀባት።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ዘይት ነው። ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አንድ ፓምፕ አለ። ከሱ ተነስተው ቀጫጭን ቱቦዎች በመኪናዋ አካል ውስጥ እንደ ደም ሥር ይሄዳሉ፣ ጫፋቸው ላይ ትናንሽ ሲሊንደሮች አሉ፣ ከአሥር በላይ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱን የሚይዝ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማሸጊያ፣ አለ። ጎሚኒው ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ይዝላል፣ ከዚያ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ያመልጣል። ከግንባሬ በላይ ያሉት ጣሪያውን ከፊት ክፈፉ ጋር የሚያቆልፉት ሁለቱ ናቸው። ጠንካራውንም ጣሪያ የሚቆልፉት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው አራት ወር ሙሉ ምንም ያላየሁት፤ አንዴ ቆልፈው ተኝተው ነበር።

የዘይቱን ማጠራቀሚያ አየሁ። ወርዷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅኩት ፋይሉን ሳገላብጥ ያገኘሁት ሌላ ደረሰኝ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የቀድሞው ባለቤት አንድ ጋራዥ ወስዷት "የጣሪያ ዘይት ተሞላ" ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ የተሸጠው ዘይት ስም አለ። የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥን ዘይት ነው! ለዚህ ሥርዓት የታዘዘው ሌላ ነው፣ ቀጭን፣ ለሃይድሮሊክ የተሠራ። ወይ ዘንድሮ አልኩ። ደረሰኙ ላይ ማህተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ጉልበት ተብሎ የሁለት ሰዓት ሒሳብ አለ።

ጋሼ ደረሰኙን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ "ሶማሌ ተራ ብትሆን ቢያንስ ትከራከረው ነበር" አሉ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

የማውጣት ቀን። መጀመሪያ መሪውን፣ ዳሽቦርዱን፣ መቀመጫዎቹን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንኩ። የፀሐይ መከለያዎቹን ፈታሁ፣ መስታወቱን፣ የጣሪያ መብራቱን። ከዚያ ልባሱን። ይሄ ልባስ 31 ዓመት ፀሐይ የጠጣ ፕላስቲክ ነው። ጋሼ "በእጅህ ሞቅ አድርገው፣ ቀስ ብለህ ሳበው" ብለውኝ ነበር። አላሞቅኩትም። ቀጭ! አንድ መያዣ ጥርስ ተሰበረ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ልባሱ ከወረደ በኋላ ሁለቱ ሲሊንደሮች ፊት ለፊት ታዩ። እኔ የጠበቅኩት የሆነ ትልቅ ነገር ነበር። ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚያህሉ ናቸው። ሁለቱም ዙሪያቸውን በዘይት ረጥበዋል፣ የግራው ይብሳል። እያንዳንዱ ሁለት ቱቦ አለው፣ አንዱ ለመቆለፍ አንዱ ለመፍታት። ቱቦዎቹ ከተቀያየሩ ቆልፍ ስትለው ይፈታል። ስለዚህ ፕላስተር ቆርጬ ምልክት አደረግኩ፦ ግ1፣ ግ2፣ ቀ1፣ ቀ2። አንድ ቀን ሌላ መካኒክ ይህችን መኪና ሲፈታ ይቺን ፊደል አይቶ ምን ይል ይሆን?

ቱቦውን ስፈታ ከታች ኩባያ ይዤ ነበር። ዘይቱ ግን ኩባያውን አልፎ በክንዴ ወርዶ ብብቴ ደረሰ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከበር መለሰችኝ። ሸሚዜን በረንዳ ላይ አውልቄ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሲሊንደሮቹን ለሚያድሱ ሰዎች በፖስታ ልኮ ታድሰው መቀበል፣ ወይም ጎሚኒውን ገዝቶ ራስ መሞከር። አዲስ ሲሊንደር ዋጋው ያስደነግጣል፣ እሱን አላሰብኩትም። ጎሚኒው ለሁለቱ 40 ዩሮ አልሞላም። ባይሳካ ያኔ እልካለሁ ብዬ ራሴ ገባሁበት።

ሲሊንደሩን የሚዘጋው አንዲት ቀጭን የሽቦ ቀለበት ናት። በሹል ነገር ከጎድጓዷ ታወጣታለህ። የመጀመሪያዋ በሰላም ወጣች። ሁለተኛዋ ተፈናጠረች። ጢን የሚል ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ፀጥ። ወለሉን በማግኔት አሰስነው። መደርደሪያውን ከቦታው አነሳነው። አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ጋሼ ሻይ ሊቀዱ ሲሉ ቴርሞሱ እጀታ ላይ ተንጠልጥላ አገኟት።

ዘንጉን ስስበው የድሮው ጎሚኒ አብሮ ወጣ። ጎሚኒ ማለት ይከብዳል። ታኝኮ የተተፋ ማስቲካ ነው የሚመስለው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሲጎተት ይረዝማል። ከጎድጓዳው ጠርጌ ለማውጣት የጥርስ እንጨት ነው የተጠቀምኩት፤ ብረት ከነካው ግድግዳው ይጫራል፣ የተጫረ ግድግዳ ላይ አዲስ ጎሚኒ ቢገባ ዋጋ የለውም። ውስጡን በብርሃን አየነው፣ ጭረት የለም። እፎይ። አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ዘይት ቀብቼ፣ በሞቀ ውኃ አለስልሼ፣ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ እንዲዞር አድርጌ አስገባሁት። የከንፈሩ አቅጣጫ ነው ዋናው ነገር። ተገልብጦ ከገባ ሁሉን እንደገና ትሠራለህ። እኔ የቀኙን አንዴ ገልብጬው ነበር፣ ጋሼ ናቸው ያስጣሉኝ።

መነጽራቸውን እስከ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው "ይሄ አፉን ወዴት ነው ያዞረው?" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ አፕሪል 5

መገጣጠም። በፕላስተሩ ፊደል መሠረት ቱቦዎቹን መለስኩ። የድሮውን ዘይት ከማጠራቀሚያው በትልቅ ሲሪንጅ መጥጬ አወጣሁ፣ ትክክለኛውን ሞላሁ። ቱቦው ውስጥ የቀረውን ድብልቅ በአንድ ቀን አታወጣውም፤ ከፍተህ ዘግተህ፣ መጥጠህ ሞልተህ፣ እየደጋገምክ ነው የሚጠራው። አየሩም ብትሆን በዚያው ታልቃለች፣ የተለየ ማስተንፈሻ አልነካሁም።

የመጀመሪያው ሙከራ መሀል ላይ ቆመ። ጣሪያው ግማሽ ወጥቶ፣ ትልቁ ክዳን ወደ ላይ ተከፍቶ፣ መኪናዋ በነፋስ የተገለበጠ ጃንጥላ መሰለች። ቁልፉ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ልቤ ወደቀ። ፓምፑ ሞተ ብዬ ደመደምኩ፣ የፓምፕ ዋጋ ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ጋሼ ግን ባትሪውን ለኩ። አራት ወር ቆሞ ደክሟል፣ እኛ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ሞተሩን ሳናስነሳ ስናጫውተው ነበር። ቻርጀር ሰካን፣ ሻይ ጠጣን፣ እንደገና ሞከርን። ሄደ! 34 ሴኮንድ።

ከፊት ምንም ጠብታ የለም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመቀመጫዎቹ ኋላ የተኛ ወፍራም የብረት ቅስት አለ። መኪናዋ ልትገለበጥ መሆኑን ካወቀች በ0.3 ሴኮንድ ብድግ ይላል። የሚያስነሳው ሞላ ነው፣ ዘይቱ የሚያስፈልገው መልሶ ለማስተኛት ነው። በ1989 ይህን ያሰበ ሰው! ቅስቱ ሁልጊዜ ቆሞ ቢታይ የመኪናዋ መልክ ይበላሽ ነበር፣ ስለዚህ ደበቁት። በቁልፉ አነሳሁት፣ አስተኛሁት፣ ይሠራል። ጋሼ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ቅዳሜ፣ አፕሪል 12

ደስታዬ አንድ ሳምንት ቆየ። ዛሬ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ምንጣፉ ረጥቧል። ዘይት ነው። ከፊት የሚያመልጥበት ሲደፈን ግፊቱ ቀጣዩን ደካማ አገኘው። ትልቁን ክዳን ከሚያነሱት ሲሊንደሮች አንዱ ነው። አውጥቼ፣ ያንኑ ሥራ ሠርቼ፣ መለስኩት። ጓደኛውንም አብሬ፣ ነገ ሌላ ቅዳሜ እንዳይበላኝ። ሁለቱ ግማሽ ቀን ፈጁ፤ የፊቶቹ ሦስት ቅዳሜ ነበር የወሰዱት። እጅ ይለምዳል።

የቀሩትንም ሁሉ አሁኑኑ እንቀይር ወይ ብለን ተከራከርን። ጋሼ "ያልታመመ አይታከምም" ይላሉ። እኔ ደግሞ የአንዱ ጎሚኒ ዕድሜ የሁሉም ዕድሜ ነው ባይ ነኝ። ለጊዜው ጋሼ አሸነፉ። ግን የሁሉንም ጎሚኒ አዝዣለሁ፣ አልነገርኳቸውም።

አፕሪል 19 እና 20

ፋሲካ ነው። ዘንድሮ የእኛም የፈረንጆቹም አንድ ቀን ዋለ፣ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ሥራ የለም። ሽንኩርት ልክተፍ ብል "በዚያ ዘይት በነካካ እጅህ?" ተባልኩ። ዶሮውን ጋሼም አብረውን በሉ። ስለ መኪና አንድ ቃል አልተነሳም ብል ውሸት ነው።

ቅዳሜ፣ አፕሪል 26

የቀላል ሥራ ቀን። የጨርቁ ጣሪያ የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ነው፣ ደብዝዟል። በፕላስቲክ ማጽጃ ቅባት ክብ ክብ እያደረግኩ አሸሁት። እንደ አዲስ አልሆነም፣ ግን የኋላዬን መኪና ታርጋ አነባለሁ። የተሰበረውን የልባስ ጥርስ በማጣበቂያ ጠገንኩት።

ዛሬ አንድ ሰው የመኪናዋን ዓመት ጎኗን አይቶ ነገረኝ። ከፊት ጎማው ኋላ፣ ጎኗ ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ናቸው። ከ1995ቱ እድሳት በኋላ ሁለት ሁለት ሆኑ። የ1998ቱን ደግሞ ክብ ክብ ባሉት የጎን መስታወቶች ታውቀዋለህ፣ ያን ጊዜ ባለ ስድስት ሲሊንደሩም ሞተር ከአንድ መስመር ወደ ቪ ቅርጽ ተቀየረ። ስሙም ወጥመድ አለው። እስከ 1993 ድረስ ቁጥሩ ከፊት ነበር፣ 300 ኤስኤል፣ 500 ኤስኤል። ከዚያ ተገለበጠ፣ ኤስኤል 320፣ ኤስኤል 500። አሮጌው 300 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ 190 ጉልበት፣ ሌላው ባለ 24 ቫልቩ 231። ዕቃ ስታዝ በስም ከሄድክ የማይገጥም ነገር ይመጣልሃል። የሻሲ ቁጥር ስጥ፣ ተገላገል። እኔ የዘይት ማጣሪያ ላይ ተምሬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ትናንት ምርመራ አለፈች። ጀርመን አገር መኪና ከመጀመሪያ ምዝገባው 30 ዓመት ከሞላውና እንደ ጥንቱ ከተጠበቀ "ኤች" የሚል ፊደል ታርጋው መጨረሻ ላይ ይጨመርለታል። ቅርስ ነው እንደማለት። ዓመታዊ ግብሩም ቁርጥ ይሆናል፣ 191 ዩሮ ከጥቂት ሳንቲም። መርማሪው ሰውዬ ሞተሩን አየ፣ ከሥሯ ገብቶ ዝገት ፈለገ፣ ቸርኬዎቹ የራሷ መሆናቸውን አረጋገጠ። ከዚያ ጣሪያውን ክፈት አለኝ። ያን ጊዜ ላብ አጠመቀኝ። ቁልፉን ተጭኜ በሆዴ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። እሱ ጣሪያውን አይደለም ያየው፣ ከላይ ልባሱ ላይ የተጣበቀችውን ፕላስተር ነው። አንዷን ረስቼ ኖሯል። "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። "ግራ ማለት ነው" አልኩት። ጻፈው አልጻፈው አላውቅም፣ ወረቀቱን ግን ፈረመልኝ።

ዛሬ ከጋሼ ጋር ታውኑስ ተራራ ድረስ ወጣን። ጣሪያው ተከፍቶ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሄዱት። ዳገቱ ላይ 320ዋ አልለገመችም። "ማርሽ በእጅ ቢሆን ኖሮ" አሉ። በዚህ ትውልድ የእጅ ማርሽ በአንዳንዶቹ ባለ ስድስት ሲሊንደሮች ላይ ይታዘዝ ነበር፣ ግን ፈላጊው ጥቂት ነው። ይህን ስነግራቸው "ለምን እሷን አልፈለግክም?" ብለው ተቆጡኝ።

ከተመለስን በኋላ ጣሪያውን ዘግቼ፣ እንደ ሰሞኑ ልማዴ፣ አንድ ሶፍት አጥፌ ከመስታወቱ በላይ በልባሱ ጠርዝ ወሸቅኩት። ጠዋት ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ወደ መስኮቱ ይዤ አየዋለሁ። አምስት ሳምንት ሆነው። ዛሬም ደረቅ ነው። ያንኑ ሶፍት መልሼ ወሸቅኩት።